የአንጾኪያ ማዕድ በአንበሳሜ

በደራ ምድር ሰውን ከሰው የሚለይ ሰሌዳ ተሰቅሎ አያውቅም። ይህ በር የእነ እከሌ ነው፣ ያ ወንበር የእነ እከሌ ነው የሚል ጽሑፍ በአንበሳሜም፣ በሐሙሲትም፣ በዓርብ ገበያም ማንም አላየም። የእኛ መለያ መጠጫው ላይ ነው። ሸክላ ሠሪዋ ምጣዷንና እንስራዋን አዝላ ገበያ ትወጣለች። ጨዋ ነኝ ባዩ ሁሉ እሷ በተኮሰችው ምጣድ እንጀራውን ይጋግራል፤ እሷ ባበጀችው ጋን ጠላውን ይጠነስሳል፤ በእሷ ጀበና ቡናውን ያፈላል። ድግስ ቤት የመጣች እንደሆነ ግን ጠላው የሚቀዳላት ለብቻ በተቀመጠ ጣሳ ነው፤ ጣሳ ከሌለም በቅል ስባሪ። ቀጥቃጩም እንደዚሁ ነው። ማረሻውን የሳለ፣ ማጭዱን የሞረደ እጅ ከገበታው ዳር ይቀራል። ጋብቻ ሲታሰብ አጥንት ይቆጠራል፤ እስከ ሰባት ቤት ተወጥቶ አንድ ባለእጅ ከተገኘ ነገሩ እዚያው ይቆማል። የጎረቤት ልጅ በድንገት ሆዱን ያመመው ጊዜ ደግሞ ዓይን ሁሉ ወደዚያች ሴት ቤት ይዞራል። ምን እንደሚባል ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፤ እኔ ቃሉን አልደግመውም።

ይህ ድሮ ቀረ የሚሉኝ ሰዎች አሉ። መቀነሱን አልክድም። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለእጁን በሙያው መስደብ የሚከለክል አዋጅ አስነግረዋል። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት አዋጅ ርስት ተነፍጎት ለኖረው ሰው ሁሉ መሬት የማግኘት መብት ሰጥቷል። የዛሬው ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 25 ሰዎች ሁሉ በሕግ ፊት እኩል ናቸው ይላል። አዋጆቹ ገበያውንም እርሻውንም ፍርድ ቤቱንም ደርሰውባቸዋል። ጓዳ ግን አልገቡም፤ ማኅበር ቤትም አልገቡም።

እኔ በዚህ ወረዳ የሁለተኛ ደረጃ የሥነ ዜጋ መምህር ነኝ። ከዚያ በፊት የቆሎ ተማሪ ነበርሁ፤ ዳዊት ደግሜ፣ ጾመ ድጓ ጀምሬ ነው ወደ አስኳላ የገባሁት። ስለዚህ ተማሪዎቼ የሚጠይቁኝ ጥያቄ ብዙ ጊዜ ከሁለቱም ትምህርት ቤት በአንድነት ይመጣል። አንድ ቀን ለአሥረኛ ክፍል በአሜሪካ ለጥቁሮች መብት ሰልፍ ስለወጡት የበርሚንግሃም ልጆች ስነግር፣ ከኋላ የተቀመጠች ልጅ እጇን አወጣች። «ቲቸር፣ እነዚያ ልጆች እኮ ወላጆቻቸው አትሂዱ እያሏቸው ነው የሄዱት። አባትን አለመታዘዝ ኃጢአት አይደለም እንዴ?» አለችኝ። ክፍሉ ጸጥ አለ። ጥያቄው ስለ አሜሪካ እንዳልሆነ ሁሉም ገብቶታል፤ ከመካከላቸው የሸክላ ሠሪ ልጅ አለ፣ ምሳውንም አብረውት የሚበሉ ጓደኞች አሉት፣ ቤታቸው ሲገቡ ግን ያንን አይናገሩም። የዚያን ዕለት ደወሉ ሳልጨርስ ተደወለ። እዚህ የምጽፈው ሙሉውን መልስ ነው።

መጀመሪያ ታሪኩን በደንብ ላውራው። በአላባማ ግዛት በርሚንግሃም በምትባል ከተማ፣ በ1955 ዓ.ም.፣ ትልልቆቹ መደብሮች የጥቁሩን ገንዘብ ይቀበላሉ፤ ጨርቁንም ጫማውንም ይሸጡለታል። እዚያው መደብር ውስጥ ባለው የምሳ ባንኮኒ ግን አይቀመጥም። እጁ የያዘውን ገንዘብ ወስዶ እጁን ከገበታ ማራቅ የት አገር እንደሚደረግ ተማሪዎቼ ከእኔ ቀድመው ነው የገባቸው። ይህን ለማስቀረት በሰላማዊ ሰልፍ የታገለው ማርቲን ሉተር ኪንግ በዚያ ዓመት ሚያዝያ ታስሮ ነበር። በእስር ቤት ሳለ ከከተማዋ ነጭ የሃይማኖት መሪዎች ስምንቱ በጋዜጣ የሰልፉ ጊዜ አሁን አይደለም፣ ታገሡ የሚል ጽሑፍ አወጡ፤ እሱም ከዚያው ሆኖ ዛሬ ዓለም የሚያውቀውን ደብዳቤ ጻፈላቸው። ያም ሆኖ ትግሉ ሊከስም ደርሶ ነበር። አዋቂው እስር ቤት ለመግባት ፈራ፤ ቢታሰር ሥራውን ያጣል፣ የቤት ኪራይ መክፈል ያቅተዋል፣ ልጆቹ ይራባሉ። ጄምስ ቤቨል የተባለ ወጣት ሰባኪ ያን ጊዜ ተማሪዎችን እንጥራ አለ። የሚባረሩበት ሥራ የላቸውምና።

ሚያዝያ 24 ቀን 1955 ዓ.ም. ከአንድ ሺህ በላይ ተማሪዎች ክፍላቸውን ትተው በአሥራ ስድስተኛው ጎዳና ካለው የባፕቲስት ቤተ ክርስቲያን እየዘመሩ በቡድን በቡድን ወጡ። የትምህርት ቤታቸው ርእሰ መምህር በሩን ቢቆልፈው አጥር ዘለው የወጡ ነበሩ። በዚያ ቀን በመቶዎች የሚቆጠሩ ታሰሩ፤ ከታሰሩት ውስጥ የ9 ዓመት ልጅ ነበረች። በማግሥቱ የከተማዋ የጸጥታ ኃላፊ የእሳት አደጋ ውኃና ውሻ ለቀቀባቸው፤ ፎቶግራፉ ዓለምን አዳረሰ። ግንቦት 2 ቀን ነጋዴዎቹ ባንኮኒውን ለመክፈት መስማማታቸው ተገለጸ፤ በዓመቱ የሲቪል መብቶች ሕግ በአሜሪካ ምክር ቤት ጸደቀ።

በዚያው ግንቦት የአፍሪካ መሪዎች አዲስ አበባ ተሰብስበው ነበር። የዑጋንዳው ሚልተን ኦቦቴ ከስብሰባው ላይ ሆነው ለፕሬዚዳንት ኬኔዲ ስለ በርሚንግሃም ውሾችና ስለ ውኃው ግልጽ ደብዳቤ ጻፉ፤ ጉባኤውም በአሜሪካ የሚፈጸመውን የዘር መድልዎ ተቃውሞ ውሳኔ አሳለፈ። ግንቦት 17 የአፍሪካ አንድነት ድርጅት ተመሠረተ። ይህን ሳስተምር ልጆቹ ደስ ይላቸዋል፤ እኔም ደስ ይለኛል። ግን ያ ውሳኔ በአዲስ አበባ ሲነበብ፣ ጣና ዳር ያለች ሸክላ ሠሪ በጣሳዋ ጠጥታ ከደጅ እንደተቀመጠች ነበር። ለእሷ የተጻፈ ደብዳቤ አልነበረም።

ተማሪዬ ያነሣችው ጥያቄ ለበርሚንግሃም ወላጆችም አልቀለላቸውም። ኪንግ ራሱ ልጆችን ለማሰለፍ አመንትቷል። ማልኮም ኤክስ ልጆችን ከፊት ያሰለፈ ወንድ አይባልም ብሎ በአደባባይ ተቃውሟል። ይህን ክርክር እንደ ዋዛ አላልፈውም፤ ምክንያቱም ከጥቂት ወራት በኋላ መስከረም 4 ቀን 1956 ዓ.ም. እሑድ ጠዋት፣ ልጆቹ ከወጡበት በዚያው ቤተ ክርስቲያን ቦምብ ፈንድቶ አራት ልጃገረዶች ሞቱ። ሦስቱ የ14፣ አንዷ የ11 ዓመት ነበሩ። የአባት ፍርሃት ከንቱ ፍርሃት አይደለም። የእኛ አባቶች የሚፈሩትም ነገር አለ። ልጄ ከባለእጅ ጋር በላ ከተባለ ማን ያገባዋል? እኔስ ከማኅበሩ ብወጣ ስሞት ማን ይቀብረኛል? የገጠር ሰው ይህን የሚፈራው ቅብጥ ብሎ አይደለም፤ ብቻውን የሚኖር ሰው በደራ ደጋም ሆነ ቆላ አይዘልቅም።

እንዲህም ሆኖ ልጅቷ ኃጢአት ነው ወይ ነው ያለችው፤ አደገኛ ነው ወይ አላለችም። ስለ ኃጢአት ከተጠየቅሁ ሐዋርያት ወደተቀመጡበት ገበታ እሄዳለሁ። በአንጾኪያ ጴጥሮስ ከአሕዛብ ወገን ካመኑት ጋር አብሮ ይበላ ነበር። ከኢየሩሳሌም ሰዎች መጡ የተባለ ጊዜ ግን ፈራና ከማዕዱ ተነሣ፤ ራሱን ለየ። ሌሎቹ አይሁድም ተከተሉት፤ በርናባስ እንኳ ሳይቀር ተነሣ። ጳውሎስ በሁሉ ፊት ገሠጸው። እዚህ ላይ ነው የማቆማችሁ። ጴጥሮስ የሐዋርያት አለቃ ነው፤ ጳውሎስ ከሁሉም ኋላ የተጠራ፣ ትናንት አሳዳጅ የነበረ ሰው ነው። በእኛ ሥርዓት ቢሆን ኖሮ «አንተ ማን ነህና አባቶችን ትናገራለህ» ይባል ነበር። ደግሞም ጳውሎስ የተናገረው አዲስ ትምህርት አልነበረም። ከዚያ አስቀድሞ በኢዮጴ ሰገነት ላይ ራእይ አይቶ፣ ወደ ቆርኔሌዎስ ቤት ገብቶ፣ እግዚአብሔር ለሰው ፊት አያደላም ብሎ የመሰከረው ራሱ ጴጥሮስ ነው። ጳውሎስ የጴጥሮስን ስብከት ለጴጥሮስ መለሰለት።

የመልሴ ሥር ይህ ነው። ልጅ አባቱን ሲቃወም የመጀመሪያው ጥያቄ አባቱ ራሱ ምን አስተምሮታል የሚለው ነው። ልጁን በ40 ቀኑ፣ ሴቷን በ80 ቀኗ ወስዶ ያስጠመቀ ማን ነው? አባት ነው። ያቺ ሸክላ ሠሪም ልጇን ወደዚያው ደብር ወስዳ፣ በዚያው ውኃ አስጠምቃ፣ ማዕተብ አስራለታለች። እሑድ በቅዳሴ ሁለቱም ልጆች ከአንድ ጽዋ፣ በአንድ ዕርፈ መስቀል ደሙን ይቀበላሉ። ካህኑ ለባለእጅ ልጅ የተለየ ዕርፈ መስቀል አላመጣም፤ አምጥቶ ቢሆን ኖሮ ሊቀ ጳጳሱ በዚያው ቀን ክህነቱን በያዘበት ነበር። ሰኞ ግን ጠላ ቤት ሲገቡ ጣሳው ይለያል። እንግዲህ የክርስቶስን ደም አብሮ የተቀበለ ሰው ጠላ አብሮ ለመጠጣት የሚያንሰው በየትኛው መጽሐፍ ነው? አባቱ ይህን ሁሉ አስተምሮት ሲያበቃ፣ ልጁ ከሸክላ ሠሪዋ ልጅ ጋር በአንድ ሰሐን ከበላ፣ ያፈረሰው የአባቱን ፍርሃት ነው። ሃይማኖቱን ግን ጠብቆለታል። የበርሚንግሃም ልጆችም መዝሙሩንም መጽሐፉንም የተማሩት ከወላጆቻቸው ነው፤ የወጡትም ወላጆቻቸው ካሳደጓቸው ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ነው።

እኔ ይህን መጀመሪያ የሰማሁት ከመጽሐፍ አልነበረም። የቆሎ ተማሪ ሳለሁ ደበሎ ለብሰን፣ አኩፋዳ ይዘን፣ በየቤቱ ደጃፍ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያልን እንለምን ነበር። በትልቁ ተማሪ መሪነት ሦስት አራት ሆነን እንሄዳለን። አንድ ሰፈር ስንደርስ ትልቁ «ያንን ቤት እለፉት፣ ሸክላ ሠሪዎች ናቸው» አለን። ልናልፍ ስንል ሴትየዋ ድምፃችንን ሰምታ ኖሮ ትኩስ ቂጣ ይዛ ከበሩ ወጣች። ትልቁ ፊቱን አዞረ። ከሁላችን የሚያንሰው፣ ገና ፊደል የሚቆጥር ልጅ፣ ሄዶ በሁለት እጁ ተቀበላትና እዚያው ፊቷ ላይ ቆርሶ ጎረሰ። ትልቁ ተማሪ ማታ የኔታ ዘንድ ከሰሰው። የኔታ ክሱን እስከ መጨረሻ ሰሙና ትልቁን «በማን ስም ለመናችሁ?» አሉት። «በእመቤታችን» አለ። «እሷስ በማን ስም ሰጠች?» ሲሉት ዝም አለ። «በማርያም ስም ለምነህ በማርያም ስም የወጣውን ከመለስህ የመለስኸው ማንን ነው? ከነገ ጀምሮ ያንን ቤት አትለፉት» ብለው ትንሹን ከክሱ አወጡት። ልጁን ደፋር ነህ አላሉትም፤ ጎበዝ ነህም አላሉትም። ቂጣው ተርፎ እንደሆነ ጠየቁት፤ ተርፎ ነበር፤ ቆርሰው በሉ።

ለዚህ ነው ቤተ ክርስቲያናችን የልጆችን ቅድስና ያለ ምክንያት አታከብርም የምለው። ከደራ ወረዳ ዳርቻ፣ ጉማራ ወንዝ ጣና ከሚገባበት አጠገብ፣ ጣና ቂርቆስ ገዳም አለ። አባቶች ታቦተ ጽዮን ወደ አክሱም ከመሄዷ በፊት ለብዙ መቶ ዓመታት እዚያ እንደኖረች ይናገራሉ፤ የኦሪት መሥዋዕት ደም ይፈስስባቸው ነበር የሚሏቸውን የተቦረቦሩ ድንጋዮችም ያሳያሉ። ገዳሙ የተሰየመበት ቂርቆስ የሦስት ዓመት ሕፃን ነው። ገድሉን የሰማ ሰው ያስታውሳል፤ የፈላው ጋን ፊት ሲቀርቡ የፈራችው እናቱ ኢየሉጣ ናት፤ ያጸናት ሕፃኑ ነው። ሐምሌ 19 ይህንን እናከብራለን፤ ታኅሣሥ 19 ደግሞ የባቢሎንን ንጉሥ ትእዛዝ እንቢ ብለው እሳት የገቡትን ሠለስቱ ደቂቅን። በዓሉን ሁሉ በልጆች እንቢታ ሞልተን፣ ልጆቻችን እንቢ ሲሉ መደንገጣችን አይገባኝም።

ይህን ስል ወጣት ያደረገው ሁሉ ትክክል ነው ማለቴ አይደለም። ሁለተኛ መመዘኛ አለኝ፤ ዋጋውን ማን ይከፍላል? የበርሚንግሃም ልጆች እስሩንም ውኃውንም በራሳቸው ላይ ተቀበሉ። የእኛ አገር ተማሪዎችም ሲጀምሩ እንደዚያው ነበሩ። የካቲት 1957 ዓ.ም. «መሬት ለአራሹ» ብለው ምክር ቤት ድረስ ሲወጡ፣ አብዛኞቹ የጭሰኛ ልጆች አልነበሩም፤ ለሌላው ነው የወጡት። በ1958 ከአዲስ አበባ ጎዳና እየተለቀሙ ሾላ ካምፕ ስለተወሰዱ ለማኞች ተሰለፉ። በልመና የተማርሁ ሰው ነኝና ያንን ሰልፍ ከሁሉም አስበልጬ እወደዋለሁ። የተማሪዎቹ ማኅበር ፕሬዚዳንት ጥላሁን ግዛው የተገደለው ታኅሣሥ 19 ቀን 1962 ዓ.ም. ነው፤ የሠለስቱ ደቂቅ ዕለት። በ1967 ደግሞ 60,000 ያህል ተማሪዎችና መምህራን በዕድገት በኅብረት ዘመቻ ገጠር ገብተው መሬቱን ሲያከፋፍሉና ገበሬውን በማኅበር ሲያደራጁ ከረሙ። ከ1969 ጀምሮ የሆነው ሌላ ነው። ከዚያው ትውልድ ብዙዎች ዋጋውን ሌላው እንዲከፍል ፈለጉ፤ በየጎራው ቆመው ተገዳደሉ፤ መንግሥትም በቀይ ሽብር ፈጃቸው። በየቤቱ ልጁን የቀበረ አባት አለ፤ ዛሬ «ፖለቲካ አትንካ፣ ዝም ብለህ ተማር» የሚለን እሱ ነው። እሱን ፈሪ ነህ ማለት አልችልም። ልጆቼን ግን ልዩነቱን አሳያቸዋለሁ፤ ራስን ለእስር መስጠትና ሌላውን ለሞት መስጠት አንድ መንገድ አይደሉም።

አንድ የሚነሣብኝ ተቃውሞ አለ፤ ትክክለኛ ጥያቄም ነው። «ከእስላሙ ጋርስ ሥጋ አንበላም፤ ያስ መለያየት ነው?» ይሉኛል። አይደለም። ክርስቲያኑ በስመ አብ ባርኮ ያርዳል፣ ሙስሊሙ ቢስሚላሂ ብሎ፤ እያንዳንዱ የሌላውን ሃይማኖት አክብሮ የየራሱን ይበላል፤ በሠርግ ለሙስሊም እንግዳ ለብቻ ታርዶ ለብቻ ይሠራለታል፣ ክብሩም ይጠበቅለታል። አንዱ ሌላውን ርኩስ ፍጡር ነህ አላለውም። እንዲያውም ሚያዝያ 12 ቀን 1966 ዓ.ም. ሙስሊሞች ለእኩልነታቸው አዲስ አበባ ላይ ሲሰለፉ ብዙ ክርስቲያኖች አብረዋቸው ወጥተዋል፤ ያንን ሰልፍ ማንም የሥጋ ጉዳይ አላደረገውም። በሸክላ ሠሪዋ ላይ የሚደረገው ግን እምነቷን አይጠይቅም፤ ክርስቲያንም ሆነች ጣሳዋ ይለያል። ከባሕር ዳር ጀምሮ በጣና ዙሪያ በሚኖሩት በነገደ ወይጦ ላይም ይኸው ነው የደረሰው። ደንገል አጭደው ታንኳ የሚሠሩልን፣ ወፍጮ የሚቀርጹልን እነሱ ናቸው፤ ጉማሬ በልተዋል ተብለው ከክርስቲያኑም ከሙስሊሙም ማዕድ ተገፍተው ኖሩ። እስልምናን ተቀብለው እንኳ ገበታው አልተከፈተላቸውም። ሰበቡ ሃይማኖት ቢሆን ኖሮ ሃይማኖት ሲቀበሉ መቅረት ነበረበት።

ስለ ራሳችን ሳስብ ደግሞ ባሕር ማዶ ያሉትን የቤተ እስራኤል ልጆች ሳልጠቅስ ማለፍ አይሆንልኝም። ቤተ እስራኤላውያን ከጎንደር፣ ከደምቢያ፣ ከዚሁ ከጣና ዙሪያ የሄዱ ናቸው። እዚህ ሳሉ ቀጥቃጭና ሸክላ ሠሪ ነበሩ፤ ርስት አልነበራቸውም፤ ያ የማልደግመው ቃል ሲወረወርባቸው ኖሯል። እኤአ በ1991 ግንቦት በ36 ሰዓት ውስጥ ከ14,000 በላይ ሰዎች በአውሮፕላን ተጭነው እስራኤል ገቡ። እዚያም ሌላ መለያ ጠበቃቸው። በዚያው በእኤአ አቆጣጠር በ1996 የለገሱት ደም በምስጢር ሲጣል መኖሩ ታወቀ። በ2012 ቂርያት ማላኪ በምትባል ከተማ አንዳንድ የቤት ባለቤቶች ለኢትዮጵያውያን ቤት ላለመሸጥና ላለማከራየት መስማማታቸው ተሰማና ወጣቶቹ ወደ ኢየሩሳሌም ድረስ ተሰለፉ። በ2015 አንድ ኢትዮጵያዊ ወታደር በፖሊስ ሲደበደብ ቪዲዮው ወጣ፤ በ2019 ሰሎሞን ተካ የተባለ ወጣት በፖሊስ ጥይት ተገደለ፤ ሁለቱንም ጊዜ መንገድ ዘግተው አደባባይ የሞሉት በአብዛኛው እዚያ የተወለዱና ያደጉ ልጆች ነበሩ። ወላጆቻቸው ከእኛ አገር ይዘውት የሄዱትን አንገት መድፋት፣ ትልቅ ሰው ፊት ድምፅን ዝቅ ማድረግ፣ በደልን ውጦ ማደር ልጆቹ አልወረሱትም። ያንን የወላጆች ዝምታ ጨዋነት እንለዋለን፤ ከፊሉ ግን በእኛ በአያቶቻችን ደጅ የተማሩት ዝምታ ነው። በእስራኤል ፖሊስ የምንቆጣው ጎንደሬዎች፣ ቁጣችን እውነተኛ የሚሆነው ለእነዚያ ሰዎች የለየነውን ጣሳ ስናነሣ ብቻ ነው።

ከአንበሳሜ ማዶ በእንፍራዝ ኖረ የሚባለው ዘርዓ ያዕቆብም በሐተታው የዚህን ዓይነት ነገር አንሥቷል። መጽሐፉን ማን እንደጻፈው ሊቃውንት ዛሬም ይከራከራሉ፤ እኔ እዚያ ክርክር ውስጥ አልገባም። ታሪኩ ውስጥ ያለው ሰው ግን የጌታው ቤት አገልጋይ የነበረችውን ሒሩትን ሲያገባ፣ ከእንግዲህ ባልና ሚስት እኩል ናቸው፣ ገረድ አትባልም ብሎ ነው። ከነገረ መለኮቱ ሁሉ ይህ ይበልጥብኛል፤ ያመነውን በቤቱ፣ በማዕዱና በትዳሩ አደረገውና።

አሁን ወደ ልጆቼ ልመለስ። ባለፈው የሰንበት ትምህርት ቤት ልጆች አንድ ነገር አደረጉ። የጊዮርጊስ ጽዋ ማኅበር አላቸው፤ ተራው በየወሩ ይዞራል። አብሯቸው የሚዘምረውን የሸክላ ሠሪ ልጅ ማኅበርተኛ ይሁን፣ ጽዋውም በተራው ወደ እናቱ ቤት ይሂድ አሉ። ሽማግሌዎቹ «ነገሩ ይታሰብበት፣ አሁን ጊዜው አይደለም» አሉ። ልጆቹ አልጮኹም፤ ማኅበሩንም ጥለው አልወጡም። ጽዋው ወደ እሱ ቤት እስኪሄድ ድረስ ከእኛም ቤት አይገባም ብለው ተራቸውን አቆሙ። አንድ አባት ልጁን ከቤት ላስወጣህ ነው ብሎታል፤ ልጁ ለሁለት ቀን አጎቱ ዘንድ አደረና ተመልሶ የአባቱን እግር ስሞ ገባ፤ ተራውን ግን አልቀጠለም። እነሆ ጌታችንም በ12 ዓመቱ ከእናቱ ተለይቶ በመቅደስ ቀረ፤ ስታገኘው በአባቴ ቤት እሆን ዘንድ ይገባኛል አላት፤ ከዚያም አብሯት ወደ ናዝሬት ወርዶ ይታዘዛት ነበር። ያ ልጅ ያደረገው ይህንን ነው። ለዚያች ተማሪዬ ኃጢአት አይደለም የምላት ስለዚህ ነው፤ እግሩን ስሞ የገባ ልጅ አባቱን አላዋረደም።

ይሁን እንጂ ዋጋውን ልጆች ብቻቸውን ሲከፍሉ ማየት አልፈልግም። በርሚንግሃምም ላይ ያሳዘነኝ ያ ነው፤ ስምንት የሃይማኖት መሪዎች ቆይ እያሉ የ9 ዓመት ልጅ ታሰረች። ስለዚህ የደራ ካህናትን እለምናለሁ። የጴጥሮስና የጳውሎስ በዓል ሐምሌ 5 ነው፤ የሐዋርያት ጾም ተፈትቶ ሰው ሁሉ ገበታ የሚቀርብበት ቀን ነው። በዚያ ቀን የአንጾኪያውን ማዕድ ስበኩልን፤ በገላትያ ሁለተኛው ምዕራፍ ላይ አለ፤ ጴጥሮስ ከማን ጋር ይበላ እንደነበረ፣ ማንን ፈርቶ እንደተነሣ፣ ማን እንደገሠጸው በስማቸው ንገሩን። ስብከቱ ሲያልቅም ከልጆቹ ጋር ወደዚያች ሴት ቤት ውረዱ። ጽዋውን ባርካችሁ ከእጇ ተቀበሉና መጀመሪያ እናንተ ጠጡ።